በአጥር የወረወርነው ጉበት ወደ ቤታችን ይመለሳል



ያለፈው አረፋ ዕለት ከዒድ ሶላት ተመልሰን ግቢያችን ውስጥ በግ አረድን። ቆዳው ተገፎ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ጉበቱ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያካክሉ ሁለት ነጫጭ እብጠቶች ታዩ። አራጁ በቢላዋው ጫፍ ነካ ሲያደርጋቸው አንደኛው ፈነዳና እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ፊን ብሎ ወጣ። «ውሃ ቋጥሯል፣ ምንም አይደለም» አለና የተበላሸውን ወገን ቆርጦ በአጥሩ ላይ ወረወረው። ከአጥሩ ወዲያ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ የዋሉ ውሾች ነበሩ፤ መሬት ሳይነካ ቀለቡት። ከመካከላችን አንድም ሰው ምንም አላለም። ሥጋውን ለሦስት ከፈልን፤ የጎረቤቱን ለጎረቤት፣ የሚስኪኑን ለሚስኪን አድርሰን፣ የቤቱን ለቤት አስቀርተን፣ አልሐምዱሊላህ ብለን አረፍን።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከኛ ጋር አንድ መድረሳ ቁርኣን የቀራች የሰፈራችን እህት ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቀኝ ጎድኗ ሥር «ከበደኝ» ስትል ቆይታለች። ጨጓራ ነው ተባለች፤ የጨጓራ መድኃኒት ዋጠች። ጥቁር አዝሙድ በማር ጠጣች። በመጨረሻ በአልትራሳውንድ ስትታይ ጉበቷ ውስጥ ውሃ የሞላበት ትልቅ ከረጢት ተገኘ። ሐኪሙ አባቷን «ቤታችሁ ውሻ አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ውሻ ደጃችንን ረግጦም አያውቅ» አሉት። ሐኪሙ ቀጠለና «ለአረፋ ስታርዱ ሆድ ዕቃውን የት ነው የምትጥሉት?» አላቸው። አባቷ ዝም አሉ።

ይህን የሰማን ዕለት እኛም ዝም አልን። በአጥሩ ላይ ያለፈው ጉበት በዓይናችን ላይ መጣ። እህታችን አልሐምዱሊላህ ድናለች። ግን የዚያ ሐኪም ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ስለዚህ የሚቀጥለው አረፋ ሳይደርስ ይህን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

በሽታው ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ሃይዳቲድ» ይሉታል። የሚያመጣው ኤኪኖኮከስ የሚባል፣ ከኮሶ ትል ዘር የሆነ ትል ነው። ጥሬ ሥጋ ስንበላ የሚይዘንን ረጅሙን ኮሶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህኛው ግን ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ትንሽ ትል ሲሆን የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻው አይታመምበትም፤ አይከሳም፤ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ነገር ግን ዓይነ ምድሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ የትሉን እንቁላል በየቦታው ይበትናል።

በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል ሣር ሲግጡ ወይም ውሃ ሲጠጡ ያን እንቁላል ይውጡታል። እንቁላሉ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና ግልገሏ ትል በደም ሥር ተጉዛ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ታርፋለች። እዚያ ቀስ እያለች ውሃ የቋጠረ ከረጢት ትሠራለች። ያ የጠራ ውሃ ባዶ ውሃ አይደለም። በውስጡ ሺህ በሺህ የሚቆጠሩ የትል ራሶች ይኖራሉ። ውሻ ያን ከረጢት ሲበላ እያንዳንዱ ራስ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ሙሉ ትል ይሆናል። ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ያህል ቆይቶ እንቁላል መጣል ይጀምራል።

እስቲ በኛ አቆጣጠር አስቡት። በዙልሒጃ 10 በአጥር የወረወርነው ጉበት፣ ዓሹራ አልፎ ሙሐረም ሊያልቅ ሲል በሰፈራችን መንገድ ላይ እንቁላል ሆኖ ይበተናል ማለት ነው። ሥጋው አልቆ፣ ቆዳው ተሽጦ፣ በዓሉ ተረስቶ ሳለ የኛ ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

ሰው እንዴት ይያዛል?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር አለ። ሰው የሚያዘው ከረጢት ያለበትን ጉበት በመብላት አይደለም። ሥጋውን መፍራት አያስፈልግም። ሰው የሚያዘው ከውሻ የወጣውን እንቁላል ሲውጥ ነው። መንገዱም ብዙ ነው። ውሻ የተኛበት አፈር ላይ የተጫወተ ሕፃን ጣቱን ሲጠባ፣ ወንዝ ዳር የበቀለ ሰላጣና ቃሪያ በደንብ ሳይታጠብ ሲበላ፣ ካልተከደነ ኩሬና ምንጭ ውሃ ሲጠጣ፣ ውሻ ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ነው። እንቁላሉ ቀዝቀዝና እርጥብ ያለ ቦታ ሲያገኝ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ሰላጣው ላይ ሎሚ መጭመቅ አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው፤ ማብሰል። ጥሬ ለሚበላው ደግሞ በሚፈስ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው።

ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ከረጢቱ ዓመታትን ይወስዳል። አምስትም፣ አሥርም ዓመት ምንም ሳያሳምም ሊያድግ ይችላል። በልጅነቱ የዋጠውን በጎልማሳነቱ የሚያውቅ ብዙ ነው። የእህታችንም በሽታ ካለፈው አረፋ በግ የመጣ አይደለም፤ ምናልባት መሬት ላይ ስትድህ የጀመረ ነው። ከረጢቱ ጉበት ላይ ከሆነ ሕመሙ ጨጓራ ይመስላል፤ ሳንባ ላይ ከሆነ ሳል ይሆናል። ሰውነት ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ሊያስት ወይም ሊገድል የሚችል የአለርጂ ድንጋጤ ያስከትላል፤ የፈሰሰውም ውሃ ሌሎች ከረጢቶችን ይዘራል። ስለዚህ ከጎድን ሥር እብጠት የሚሰማው ሰው ሆዱን በኃይል ማሳሸት የለበትም። መመርመር ነው ያለበት። ሕክምናው አለ፤ እንደ ከረጢቱ ሁኔታ በሐኪም ክትትል ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል የተባለ መድኃኒት፣ በመርፌ መምጠጥ ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። ግን ረጅም ነው፤ ውድ ነው፤ የአንድን ድሃ ቤተሰብ ጎጆ ያናጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሽታ ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር መድቦታል። በዚህና በቅርብ ዘመዱ በሆነው ሌላ የትል በሽታ በማንኛውም ጊዜ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በዓለም ላይ ተይዞ እንደሚገኝ ይገልጻል። በኬንያ ቱርካና በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ተመዝግቧል። ከድንበሩ ወዲህ ባሉት የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድም የታወቀ በሽታ ነው። በከተሞቻችን ቄራዎችም የሥጋ መርማሪዎች በዚሁ ከረጢት ምክንያት ጉበትና ሳንባ ቆርጠው ያስወግዳሉ።

«ይህ የአርብቶ አደር በሽታ ነው፤ እኛ ከተሜዎችን ምን አገናኘን?» የሚል ይኖራል። የሚያገናኘን የአረፋ በጋችን ነው። በጉ የተገዛው ከገጠር ነው፤ የታረደው ከተማ ነው፤ ውሻው የከተማ ነው። ቄራ ቢታረድ ኖሮ መርማሪ ጉበቱን ገልጦ፣ ሳንባውን ሰንጥቆ ያየው ነበር። ግቢያችን ውስጥ ግን መርማሪ የለም። አራጁ አለ፣ ቢላዋው አለ፣ አጥሩ አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ውሻው አለ።

የምንጠነቀቀው የቱን ነው?

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ኡድሒያ ስንገዛ በግ ተራ ገብተን አንድ ዓይኑ የጠፋ እንዳይሆን፣ የሚያነክስ እንዳይሆን፣ የታመመ እንዳይሆን፣ አጥንቱ የወጣ ከሲታ እንዳይሆን እንመረምራለን። ጥርሱን ከፍተን ዕድሜውን እናያለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን ነውና ደግ አደረግን። ስናርድም ቢላዋ እንስላለን፤ እንስሳውን እንዳናሠቃይ እንጠነቀቃለን። ይህም ኢሕሳን ነው። ታዲያ ጥንቃቄያችን ቢላዋው ደም እንደነካ ለምን ያበቃል? ይህ በሽታ እኮ ጥርስ በማየት የሚታወቅ አይደለም። ከውጭ የሰባ ሙክት ሆኖ ከውስጥ ጉበቱ የቆሰለ ብዙ አለ። የሚታየው ከታረደ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ መመርመር የምናቆመው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ውሻ ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንድናጥብ ታዘናል። ይህን የምናደርገው ትል ስላወቅን አይደለም፤ ትእዛዝ ስለሆነ ነው። ለምራቁ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ የትሉን ዘር በገዛ እጁ ውሻው አፍ ውስጥ ሲያስገባ ምን ይባላል? «ውሻ ቤታችን አይገባም» ብሎ መኩራራት አይበቃም። ውሻው ደጃችን ባይገባም ያበላነው እኛ ነን። የጣለው ነገር ደግሞ በጎመን፣ በጫማ፣ በልጆቻችን ጣት ላይ ሆኖ ይገባል።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከመንገድ ላይ የሚያውክን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች መካከል መሆኑን አስተምረውናል። በአረፋ ማግስት ጠዋት በሰፈራችን መንገድ ላይ ማን ነው የሚያውከውን የሚያነሳው? ይልቁንም ፈርሱ ቦይ ውስጥ፣ አንጀቱ ቆሻሻ ገንዳው ሥር፣ ጭንቅላቱ ድልድዩ አጠገብ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ሽታው የጎረቤትን ቤት ያስዘጋል። ጎረቤታችን ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ሐቁ ነው። አላህ ዘንድ የሚደርሰው ሥጋውና ደሙ ሳይሆን ተቅዋችን መሆኑን ቁርኣን ነግሮናል። ተቅዋ ማለት ደግሞ አላህን በደጃችን መንገድ ላይም መፍራት ነው።

«ውሻውስ የአላህ ፍጡር አይደለም?»

ይህን ጥያቄ አንድ ወዳጃችን አንስቶብናል። «ለውሻ መስጠትም ሰደቃ ነው» አለን። እውነቱን ነው። የተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው በዚያ ሥራው ምሕረት ማግኘቱን በሐዲስ እናውቃለን። እኛም ለውሻ አትስጡ አላልንም። ከረጢት የቋጠረ ጉበትና ሳንባ አትስጡት ነው ያልነው። ልንሰጠው ከፈለግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እናፍላው፤ ከዚያ በኋላ ትሉ ይሞታል፤ ውሻውም ይጠግባል። ራሳችን የማንበላውን ትል ያለበትን ጥሬ ጉበት ወርውሮ «ሰደቃ ነው» ማለት ግን ከሰደቃ አይቆጠርም።

በተቃራኒው ደግሞ «ውሾቹን ማጥፋት ነው መፍትሔው» የሚሉ አሉ። በየከተማው አልፎ አልፎ በመርዝ ውሻ የመፍጀት ዘመቻ ሲደረግ አይተናል። ምን ተገኘ? ውሻው በየመንገዱ ተሠቃይቶ ሞተ፤ በወሩ ሌላ ውሻ ቦታውን ያዘ፤ ቆሻሻው እዚያው ስለሆነ። ጥፋቱ የውሻው አይደለም። ውሻ ያገኘውን ይበላል። ሒሳብ የሚጠየቀው የወረወረው እጅ ነው።

ይህ ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው

ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። በሽታው ሊሸነፍ እንደሚችል በታሪክ ታይቷል። አይስላንድ የምትባለው ሩቅ ደሴት በ19ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በዚህ በሽታ ክፉኛ ትሠቃይ ነበር። በግ አርቢዎች ናቸው፤ በየቤቱ የእረኛ ውሻ አለ፤ ሆድ ዕቃውን ለውሻ ይጥሉ ነበር። በ1863 ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ወደዚያ ሄዶ የውሾችን አንጀት መረመረ። በማግስቱ ዓመት በሽታው ከየት እንደሚመጣ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ በነፃ ታደለ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ከረጢት ያለበትን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ለውሻ አትስጡ። ሕግም ተከተለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። ከብዙ በግ አርቢ አገሮች አንዷ የሆነችው ኒውዚላንድም በትምህርት፣ በሕግና ለውሾች መድኃኒት በመስጠት ይህንኑ ውጤት አግኝታለች።

ልብ በሉ፤ ክራቤ ወደዚያ ሲሄድ የዛሬው የውሻ መድኃኒት አልነበረም። አልትራሳውንድ አልነበረም። የነበረው አካፋ፣ እሳትና የሚያነብ ሰው ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ አካፋ አለ፣ እሳት አለ፤ ከዚያም በላይ በየሳምንቱ ጁሙዓ ሕዝብ ተሰብስቦ ጆሮውን የሚሰጥበት ሚንበር አለ። የትኛው የጤና ዘመቻ ነው ይህን የሚያህል መድረክ ያለው?

እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጉድጓዱ ከበጉ ይቅደም። በየሰፈሩ ያለን የመስጂድ ጀመዓ ወጣቶች ከዒዱ አንድ ሳምንት በፊት ከቀበሌው ጋር ተነጋግረን ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ ቦታ እንምረጥ። ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ እንቆፍር። የተጣለበት ላይ ኖራ ይነስነስበት፣ አፈር ይመለስበት፣ ከላይ ድንጋይ ይጫንበት። ውሻ ቆፍሮ ካወጣው መቅበራችን ከንቱ ነው። መቅበር የማይመች ቦታ ላይ ማቃጠል ይቻላል።

ሁለተኛ፣ በዒዱ ቀንና በአያመ ተሽሪቅ ማዳበሪያ ጆንያና ጋሪ ይዘን በየግቢው እንዙር። ሥጋ የምናከፋፍል ወጣቶች ሞልተናል፤ ትርፍራፊውን የሚሰበስብ ግን የለም። ይህም ኸይር ሥራ ነው። ኒያችንን እናስተካክል እንጂ አጅሩ ሊያመልጠን አይገባም።

ሦስተኛ፣ በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። ጀመዓችን አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ባለሙያዎቹ በዒዱ ቀን በየሰፈሩ እየዞሩ ጉበትና ሳንባ እንዲያዩ ይጠይቅ። ከኛው ወጣቶች መካከልም የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ብዙ ናቸው፤ ይህ የናንተ ቀን ነው።

አራተኛ፣ እናቶቻችንን እንንገራቸው። አራጁ አርዶ ይሄዳል። ጨጓራውን የሚያጥቡት፣ ጉበቱን የሚከትፉት፣ ከረጢቱን አስቀድመው የሚያዩት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። እነሱ «ይህ ለውሻ አይሰጥም» ካሉ ነገሩ በአንድ በዓል ይለወጣል። ከረጢቱን ማፈንዳት አያስፈልግም፤ ያለበትን ጉበት ወይም ሳንባ እንዳለ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ ወደ ጉድጓዱ ነው። የቀረው ሥጋ ሐላል ሪዝቅ ነው፤ ይበላል። በሽታው ስለተገኘበት ኡድሒያ ሸሪዓዊ ብይን የሚጠይቅ ሰው ካለ ዑለማዎቻችንን ይጠይቅ፤ እኛ የምናወራው ስለ ጤናው ነው።

አምስተኛ፣ ለንብረት ጥበቃ ወይም ለከብት ጥበቃ ውሻ ያላቸው ሰዎች ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየጊዜው ያሰጡት። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ከተሰጠው በኋላ ለጥቂት ቀን ውሻውን አስሮ ዓይነ ምድሩን መቅበር ወይም ማቃጠል ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ኢማሞቻችን ከአረፋ በፊት ባለው ጁሙዓ አምስት ደቂቃ ለዚህ ጉዳይ እንዲሰጡ በአክብሮት እንጠይቃቸው። ስለ ኡድሒያ ዕድሜና ነውር ሲያስተምሩ «ሆድ ዕቃውንም ቅበሩ» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩ፣ ማንም ባለሥልጣን በዓመት የማያደርሰውን መልእክት በአንድ ቀን ያደርሳሉ።

ይህ የአረፋ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ለአቂቃ፣ ለሰደቃ፣ ለሠርግ እናርዳለን። ጎረቤቶቻችንም ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ያርዳሉ። ውሻው የማን በግ እንደሆነ ለይቶ አይበላም። በአረፋ የቆፈርነው ጉድጓድ ለፋሲካ ለጎረቤቶቻችን ቢያገለግል፣ እነሱም አይተው የራሳቸውን ቢቆፍሩ፣ ትርፉ የሁላችንም ነው። እኛ ግን ሌላው እስኪጀምር አንጠብቅ።

እህታችን ከሆስፒታል በወጣች ሳምንት ልንጠይቃት ሄደን ነበር። አባቷ ጓሮ ውስጥ ነበሩ፤ አካፋ ይዘው ይቆፍራሉ። «አረፋ እኮ ገና ነው» አልናቸው። «ያኔ ሰው ይበዛል፤ ይረሳል። አሁን ይቆፈር» አሉን። አካፋውን ተቀብለን ቀጠልን። በዚህ ዓመት ኢንሻአላህ በግቢያችን የታረደ በግ አንዲት ቁራጭ ሳንባ በአጥር ላይ አታልፍም። እናንተስ?

አላህ ኡድሒያችንን ይቀበለን፤ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ እኛንም ለወንድሞቻችንና ለጎረቤቶቻችን የመልካም እንጂ የጉዳት ሰበብ አያድርገን። አሚን።

ይህን ጽሑፍ ለአራጃችሁ፣ ለእናታችሁና ለመስጂዳችሁ ኢማም አድርሱልን።